የቀጭን አምባ ገበያ፣ አንድ ለስልሳ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ኪዳነማርያም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎም እንደ ወትሮው «ወዓለይኩም ሰላም፣ እመብርሃን ታኑርሽ» ብለው ይቀበሉኝ። ወገብዎ እንዴት ከረመ? ያ ሁልጊዜ ተፈትቶ የሚያድር ሬዲዮዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልኩ ከተዘጋ አምስተኛ ወሩን ያዘ፤ ይህን የያዘችልዎ በለጡ ናት፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አጅባር ትገባለች። እናቴን ሀያትን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ተኩሱ መካነ ሰላም ገብቷል ይላሉ። ውሸት ነው እላለሁ፣ ግን እንቅልፍ የለኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከሰው ቤት ወጥቼ ሱቅ መግባቴን ያውቃሉ። ሱቁ የሚሸጠው በካርቶን የታሸገ ተገጣጣሚ አውሮፕላንና ታንክ ነው። የገባሁት ለጽዳት ነበር፤ አንድ ቀን ደንበኛ የሰበረውን ክንፍ ስለጥፍ ባለቤቱ አየኝና መጥረጊያውን ከእጄ ተቀበለኝ። እጄን ያስተካከሉት እርስዎ ነዎት፣ ሬዲዮ ሲበይዱ አጠገብዎ አስቀምጠው «አንቺ ቀበጥ፣ ትንፋሽሽን ያዥ!» እያሉ።

ዓርብ ዓርብ ከኋላ ክፍል ጡረተኞች ይሰበሰባሉ። ጠረጴዛ ላይ ተራራ ሠርተው፣ ከአውራ ጣት የሚያንሱ ወታደሮች ደርድረው፣ ባለ ስድስት ጎን ጠጠር እየጣሉ ይዋጋሉ። የሞተውን አንስተው ሳጥን ውስጥ ይጥሉታል፣ ወላሂ ሻይ እየጠጡ! ከነሱ አንዱ፣ ሬይመንድ የሚባል ሽማግሌ፣ ትልቅ ሥራ አዘዘኝ፤ ደጋ ላይ ያለ ገበያና በላዩ የሚመጣ አውሮፕላን። የየት አገር ነው ብዬ ብጠይቀው «የትም ያልሆነ» አለኝ። ስለዚህ አውሮፕላኑን ከሌላ ሞዴል ቆርጬ ቀጥዬ የምፈጥረው እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ እሱ የትም ይበል እንጂ እኔ የት እንደሆነ አውቄያለሁ። ቀጭን አምባ ነው። አባቴ አሕመድኑር የሞተበት የቅዳሜ ገበያ። እኔ የስድስት ወር ጽንስ ነበርኩ። እናቴ ስለዚያ ቀን ከአንድ ነገር በቀር አትናገርም፤ አራት ቦምብ ወደቀ፣ ሦስቱ ፈነዳ፣ አራተኛው ጨው ተራ እግሯ ሥር ወድቆ ዝም አለ። «አላህ አፉን ያዘው» ትላለች፤ በቃ። አባቴን የገደለው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሰላሳ አራት ዓመት ኖርኩ። እርስዎ ያን ጊዜ አየር ኃይል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ አውሮፕላኑን ያውቁታል። ይንገሩኝ። ልክ እሱን ሠርቼ፣ በእጄ ይዤ ላየው እፈልጋለሁ።

ወታደሮቹ ቁመታቸው ሃያ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። የአውሮፕላኑ ካርቶን ግን የሚመጣው አንድ ለመቶ፣ ማለት ከእውነተኛው መቶ እጥፍ ያነሰ፣ አንድ ለሰባ ሁለት ወይም አንድ ለአርባ ስምንት ነው። የቱን ልምረጥ?

ልጅዎ ፈርሂያ

*

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለፈርሂያ አሕመድኑር፣

ወዓለይኩም ሰላም፣ እመብርሃን ታኑርሽ። እናትሽ በሕይወት አለች፣ ዱዓ ታደርግልሻለች። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ፤ ተመስገን።

የሰማሽው ውሸት አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ዳገት ተነሥተው እስከ መናኸሪያው ተታኮሱ። የጎረቤታችን የይርገዱ ሁለት በሬዎች በረት ውስጥ እንደታሰሩ ተመቱ። አንደኛው አንጀቱን እየጎተተ ገመዱን በጥሶ ወጣና እኛ በር ላይ ወደቀ። በነጋታው ሦስት ሬሳ አነሣን፤ የማን ወገን እንደሆኑ የጠየቀ የለም፣ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ዝም ብሏል። ዝም ሲል ነው የምፈራው።

ወደ ጠየቅሽኝ ሥራ። አንድ ለመቶውን ተይው፣ እሱ ዝንብ ነው። ስኬል በክንፍ አይመረጥም፣ በሰው ነው የሚመረጥ። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ሰውየውን እንጂ ጨርቁን አይለካም። አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ሰው ሃያ ስምንት ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ለስልሳ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ካርቶን የለም። አንድ ለሰባ ሁለቱን ብትወስጂ ወታደርሽ ወንበሩ ውስጥ አይገባም፣ ተጫዋቾቹም ይስቁብሻል። አንድ ለአርባ ስምንቱን ሚግ፣ የያኔውን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ብትወስጂ ደግሞ ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ገበያውን ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ብልሃቱ ይኸውልሽ። በአንድ ለአርባ ስምንት የተሠራ የትንሽ ማሰልጠኛ ጄት ግዢ፣ እውነተኛው አሥራ ሦስት ሜትር የሆነ። ሃያ ሰባት ሳንቲ ሜትር ይመጣልሻል። ያ ርዝመት ለአንድ ለስልሳ ሚግ ልክ ነው። አፍንጫውን አሹዪው፣ ክንፉን ወደ ኋላ ቁረጪው፣ ጎማውን ከወታደሩ ጭን እኩል አድርጊው። የሚያሳብቅብሽ የአብራሪው ወንበርና መስተዋቱ ነው፤ ያንን ከአንድ ለሰባ ሁለት ካርቶን አውጥተሽ ተኪው። ሰው ትንሽ ሲሆን ማሽኑ ትልቅ ይመስላል።

ስለ አባትሽ የጠየቅሽውን ተይው። የሞተ በጥያቄ አይነሣም።

አጎትሽ ኪዳነማርያም

*

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኪዳነማርያም፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ በር ላይ የሚወድቀው ሁሉ ከእንግዲህ ዝናብ ብቻ ይሁን፤ አሚን። ደብዳቤዎን ሳነብ በሬው ጋ ስደርስ አቆምኩ፤ ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ባለቤቱ ሙጫው ዓይኔን ያቃጠለኝ መስሎት መስኮት ከፈተ።

ጋሼ፣ ብልሃትዎ ሠራ! ማሰልጠኛዋን ገዛሁ፣ ክንፏን በመጋዝ ቆረጥኩ፣ ወንበሩን ተካሁ። ባለቤቱ በሜትር ለካውና «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «አገሬ ያለ አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ» አልኩት። ይቅርታ እንግዲህ፣ እውነት ነው።

ገበያውንም እናቴ ልጅ ሆኜ በእርምጃ በለካችልኝ ልክ ሠራሁት። ከቡን በር፣ ከቡና ተራው መግቢያ፣ እስከ ጨው ተራ መቶ ሰባ እርምጃ። በርበሬ ተራ፣ የከብት ሜዳ፣ ከከላላ የሚመጡት በቅሎ የሚያስሩበት ግራር። ሰዎቹን ፑቲ ከሚሉት ጭቃ መሰል ሊጥ ጠፍጥፌ አለበስኳቸው። አንዷ ሆዷ ገፋ ያለ ነው።

ዓርብ ለሙከራ ተጫወቱበት። ሬይመንድ ጠጠሩን ጣለ፣ ስድስት ወጣ፤ በርበሬ ተራን በእፍኙ አፍሶ ሳጥን ውስጥ ገለበጠው። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። እኔ ቆሜ ቀለም አነሳሳ ነበር።

ቦምቦቹን ክንፏ ሥር ሰቅዬ ፎቶ አንሥቼ አሳትሜዋለሁ፣ ከዚህ ጋር አለ። ሙላው ሹፌሩ ከደሴ ይቀበልና ያደርሳል። እባክዎ ያልተስተካከለ ካለ ይንገሩኝ። ደግሞ ስለ አባቴ የጠየቅሁትን ዘለው አለፉት። ስኬል ሲሆን ሦስት ገጽ፣ አባቴ ሲሆን አንድ መስመር? እኔኮ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ፈርሂያ

*

መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈርሂያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እናትሽ ደህና ናት።

ሙላው ሞቷል። ከከላላ ሲመለስ መንገድ ላይ አስቁመው ምንም ሳይጠይቁ በመስኮቱ አንገቱን መቱት። እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ መኪናው ሄዶ ድልድዩን ገጨ። ረዳቱ ነው ፖስታሽን ከደረት ኪሱ ያወጣው። ግማሹ በደም ተጣብቋል፣ በውኃ አላቅቄ አነበብኩት። ለሁለት ሳምንት መልስ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። የሚስቱ ጩኸት ገና አልቆመም።

ፎቶውን ግን አየሁት። አየሁትና ተናደድኩ። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? አራቱንም ክንፍ ሥር ደረደርሽው፣ እንደ ሙዝ! ይህን የሰቀለውን ወታደር እኔ ብሆን ዘብ ቤት ነበር የማስገባው። ሁለቱ ሆዷ ሥር፣ ሁለቱ ክንፏ ሥር ናቸው። የሆዷ መጀመሪያ ይሰቀላል። ቦምቡን ከግራና ቀኝ አቅፈው የሚይዙት ብረቶች አሉ፤ በመፍቻ ይጠብቃሉ፣ በሁለት እጅ ወዝውዘሽ ንቅንቅ እስካይል። አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ይላል። ከመስቀያው ወደ ቦምቡ የምትወርድ ቀጭን ሽቦ አለች፣ የስፌት ክር ታህል፤ እሷን የረሳ ሥራውን አልሠራም። ያን ቅዳሜም የወረዱት ከሆዷ ጀምረው ነው፣ የክንፎቹ በኋላ ነው የተለቀቁት። ይህን አስተካክዪና ሌላ ፎቶ ላኪ።

ኪዳነማርያም

*

ሻርጃ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ለሙላው አላህ ይዘንለት። ሚስቱን ስለ እኔ እግሯ ላይ ይውደቁልኝ፤ ፖስታውን ያሸከምኩት እኔ ነኝ።

አሁን የሚከተለውን በእግዜርዎ ይዤዎት እጠይቃለሁ። ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ቦምብ በሁለት እጅ ተወዝውዞ እንደሚፈተን ከየት ያውቃል? ስፌት ክር ስለምታህል ሽቦ ከየት ያውቃል? ይህ ይሁን፣ ከጓደኛ ሰሙ እንበል። «ያን ቅዳሜ» ከየትኛው በኩል እንደተለቀቀ ከየት አወቁ?

አራት ጊዜ አነበብኩት። ሥራ ተበላሸ ብለው የተቆጡበትን ድምፅዎን አውቀዋለሁ። እሱ የሰሚ ድምፅ አይደለም።

የእኔን ትምህርት ቤት ከፈሉ፣ የእናቴን ቤት ከግቢዎ ቆርሰው ሠሩ፣ ለዒድ በግ ገዙ። «የአሕመድኑር አክስት ልጅ ነው፣ ደም ነው» እያልን በረካ ስንመርቅዎት ኖርን። ምን ነበር የሚከፍሉት?

ይጻፉልኝ። ካልጻፉ እኔ ለእናቴ የገመትኩትን እጽፋለሁ።

ፈርሂያ

*

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈርሂያ አሕመድኑር፣

ሰላምታ ለመስጠት አፍ የለኝም፣ ግን የእግዚአብሔር ሰላም ከእኔ አይጠየቅምና እሱ ይስጥሽ።

ከፋሲካ በፊት ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ ከፋሲካ በኋላም ተቀመጥኩ። በመሐሉ ሁለት ጊዜ ከቤት ሸሸን፣ ሁለት ጊዜ ተመለስን። ሰማዩ ላይ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ሰው ሁሉ ገደል ይገባል። እኔ ግቢ ቆሜ አያለሁ። ይገባኛል እላለሁ።

አየር ኃይል ሳለሁ ሬዲዮ ጠግኜ አላውቅም፣ ከጦሩ ከወጣሁ በኋላ ነው የተማርኩት። ደብረ ዘይት የነበርኩት መሣሪያ ክፍል ነው። ሥራዬ ቦምብ አውሮፕላን ላይ መስቀልና የሚለቀቁበትን ተራ ማሰናዳት ነበር። ጥሩ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ጥሩ ስለሆንኩ ተሸልሜያለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት አንድ መኮንን ካርታ ይዞ መጣ። «አንተ የወሎ ሰው አይደለህ? ቀጭን አምባ የሚባል ታውቃለህ?» አለኝ። ልጄ፣ ደስ አለኝ! አገሬን የጠራልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። «እንዴት አላውቅ! ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ከከላላ ሰው ይወርዳል፣ ከአጅባር ይመጣል፣ በአራት ሰዓት እግር ማሳረፊያ አይገኝም» አልኩት። በርበሬውን አወደስኩለት። ጨዉን አወደስኩለት። እሱ ጻፈ። ሰው ለምን እንደሚጠይቅ ሳያስብ ስለ አገሩ የሚያወራ ሞኝ ነበርኩ፤ እኛ እንዲህ ነን፣ የአገራችንን ስም የጠራን ሁሉ እንግዳ ይመስለናል።

ቅዳሜ ንጋት ላይ አራት አሰቀሉኝ፣ እያንዳንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ። ያ መኮንን ለአብራሪው «በአራት ሰዓት ድረስ» ሲለው ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። ጎማውን ይዤ ቆምኩ።

ሽቦዋን ነግሬሽ ነበር። ቦምቡ ሲወድቅ እሷ ከመስቀያው ጋር ትቀራለች፤ ተመዝዛ ስትወጣ ነው ቦምቡ የሚነቃ። ከመስቀያው ካልታሰረች አብራው ትወርዳለች፣ ቦምቡ ተኝቶ ይደርሳል። ከአራቱ የአንዱን ሽቦ ሳላስር ተውኩት። የግራ ክንፉን። አንድ ብቻ። አንድ ቢከሽፍ ፋብሪካው ነው ይባላል፤ ሁለት ቢከሽፍ ሰቃዩ ነው ይባላል። በዚያ ወር አንዱን ልጅ በዚሁ ጠርጥረው ከሃንጋሩ ጀርባ ረሽነውት ነበር፤ ግድግዳው ላይ የፈሰሰውን እኔ ነበርኩ ያጠብኩ። ፈራሁ። ሦስቱን አጥብቄ አሰርኩ፣ ወዝውዤ ፈተንኩ፣ ንቅንቅ አላሉም። ለአብራሪው እጄን አንሥቼ «ዝግጁ» አልኩት።

በአምስተኛው ቀን ለለቅሶ ፈቃድ ወጣሁ። አባትሽን ያወቁት በቀበቶው ነው። ከበርበሬ ተራ እስከ ግራሩ ሥጋው ከበቅሎ ሥጋ ተቀላቅሎ፣ ሼሁና ቄሱ የማን እንደሆነ መለየት አቅቷቸው በአንድ ጉድጓድ ቀበሯቸው። ሰማንያ ሁለት ሰው ነው ያሉት። በርበሬው ገና ከአፈሩ ጋር ይነሣ ነበርና የቀረውን አስከሬን የሚለቅመው ሰው ሁሉ ያስል ነበር። እኔም ለቀምኩ። ከነሱ ጋር አስላለሁ፣ ከነሱ ጋር እጮኻለሁ፣ «የገደለህን እግዜር ይግደለው» እላለሁ። እናትሽ ትከሻዬ ላይ ወድቃ አለቀሰች።

ይኸው ነው። የቀረ የለም።

ኪዳነማርያም

*

ሻርጃ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪዳነማርያም፣

«ጋሼ» ማለት እጄ እምቢ ብሎኛል፣ አንቱታውን ግን ያሳደገችኝ እናቴ ናት የሰጠችዎት፣ አልወስድም።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሱቅ ሄድኩ። አውሮፕላኑን በገበያው ላይ በክር አሳለፍኩት፣ እንዳሉኝ ከሆዱ ጀምሬ። አንዱ በርበሬ ተራ። ሁለተኛው ግራሩ ሥር። ሦስተኛው የከብት ሜዳ። የግራ ክንፉ ቦምብ ጨው ተራ ላይ አረፈ፣ ሆዷ የገፋው ሴትዮ እግር ሥር። በአንድ ለስልሳ የሁለት ሚሊ ሜትር ርቀት ነው። እኔን ያተረፈኝ እርስዎ ያልሠሩት ሥራ ነው፤ አባቴን የበላው የሠሩት ነው። ስለ አንዱ አላመሰግንዎትም። ለማን እንደሚደርስ አያውቁም ነበርና።

ዓርብ እነ ሬይመንድ መጡ። ሰውየው ጠጠሩን በጡጫው እየነቀነቀ «ዛሬ ገበያተኛ አይተርፍም!» ብሎ ሳቀ። መዶሻውን ከመሳቢያ አነሣሁና አውሮፕላኑን መታሁት። ደገምኩት። ጠረጴዛውን ገለበጥኩት። የአውሮፕላኑ መስተዋት ስባሪ የሬይመንድን ግንባር ቀደደው፣ ደሙ በነጭ ሸሚዙ ወረደ።  ከሱቁ ተባረርኩ። ግድ የለም፣ ሥራ አይጠፋም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለእናቴ ይንገሯት። በደብዳቤ አይሆንም፣ በሰው አፍም አይሆንም። ደም የሚያደርቁትን ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቹን ይዘው፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ አንገትዎ ላይ ተሸክመው ደጇ ይሂዱ። ሰላሳ አራት ዓመት ከለላ ሆነው የተቀመጡበት ደጅ ነው። መማርም አለመማርም የሷ ነው። እሷ ሳትፈርድ እኔ አልፈርድም።

ፈርሂያ

*

መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈርሂያ አሕመድኑር፣

የዓለሙ ጌታ ሰላሙን ያውርድልሽ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ያልሽውን አደረግሁ። ከአበጋሮቹ ትልቁ አህመዲን ነው፣ ዘጠና ዓመት ያለፈው። መጀመሪያ እምቢ አለኝ። «ደሙ የአብራሪው ነው፣ የአዛዡ ነው፤ አንተ የተጫነህን የምትሸከም መጋዣ ነህ፣ በመጋዣ አይፈረድም» አለ። «ገበያው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ መጋዣ አይናገርም» አልኩት። በትሩን አንሥቶ ተነሣ።

ሰኞ ጠዋት ሄድን። ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ሐረግም መጣች፣ የሙላው ሚስት፣ ገና ከነጥቁሯ። ከወንዝ ያወጣሁትን ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ እናትሽ ደጅ ተንበረከክሁ፣ ሁለት እጄን መሬት ዘርግቼ። ደንቡን ታውቂያለሽ፤ ባለ ደሟ ድንጋዩን ካነሣች ምራለች፣ ካላነሣች ተሸክሜ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም።

ሁሉንም ነገርኳት። መኮንኑን፣ ካርታውን፣ ሽቦዋን። ስለ ሽቦዋ ስናገር ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። እሷ ግን ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አሕመድኑር ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚወርድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

 ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከዚያ መጣች፣ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሣችልኝ። ሐረግ እልልታውን ጀመረች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ አህመዲንም እጁን ለምርቃት ዘረጋ።

እናትሽ ድንጋዩን ይዛ ቆማ ነበር። ቀኝ እጄ ላይ ለቀቀችው።

አጥንቴ ሲፈረከስ ሰማሁት። ምድር ነክሼ ጮህኩ። ድንጋዩን ደግማ አነሣች፣ እዚያው ላይ ደግማ ለቀቀችው። እልልታው ቆመ። አንድ ሽማግሌ «ደንብ ፈረሰ!» ብሎ ተነሣ። እሷ ድምፅዋን ሳትጨምር «ኪዳነማርያምን ምሬዋለሁ። እጁን አልማርኩትም። እንዲህ ብላችሁ ያዙልኝ» አለች። አህመዲን «ድንጋዩን ከአንገቱ አንስታለታለች፤ ደሙ ደርቋል» ብሎ ፈረደ። ሰው ተበተነ።

ሐኪም ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ወጌሻውም በመጋቢት ሸሽቷል። ማንም አልነካኝም። ፀሐይ ላይ ተኝቼ ዝንብ ደሜ ላይ ሲያርፍ በግራዬ አባርራለሁ። እናትሽ ቤት ገብታ የተሰነጠቀ ቀርከሃና የቀደደችው ነጠላ ይዛ ወጣች። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አጥንቱን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ወደ ቦታው መለሰችው። ማሰሪያውን ስታጠብቅ እንደ ሕፃን ጮህኩ፣ «ሀያት፣ ስለ አላህ!» አልኳት። አላላላችልኝም። ግን እስክትጨርስም አልተነሣችም።

ኪዳነማርያም